የትራምፔት ከንፈር፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ትራምፔት የጀመርኩት ደሴ ነው። አሁንም እዚሁ ነኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮምቦልቻ ወርጄ ጥቂት ልጆች አለማምዳለሁ። ጣቱን ሁሉም ይለምደዋል፤ በጣት የሚጫኑ ሦስት ፒስተኖች ናቸው፣ ከወር ከሁለት ወር በላይ አይፈጅም። ሰው ተስፋ ቆርጦ ትራምፔቱን ሣጥን ውስጥ የሚቆልፈው በከንፈሩ የተነሳ ነው። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም አብዛኛው ችግር የሚስተካከል ነው። ልጆቹ ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከነመልሱ ጽፌዋለሁ።

ከንፈሬን እንዴት ነው የማስቀምጠው?

"እም" በል። እዚያው ላይ ቁም። አፍህ ተዘግቷል፣ ከንፈሮችህ ተነካክተዋል ግን አልተጨፈለቁም። ጥርስህ ውስጥ ለውስጥ ትንሽ ይከፈት። አሁን የአፍህን ሁለት ጥጎች ጠበቅ አድርግ፣ መሃሉን ተወው። ከዚያ ንፋ። የሚመጣው ንዝረት ነው ድምፁ፤ ትራምፔቱ ያንን አጉልቶ ቅርጽ ይሰጠዋል እንጂ ራሱ አይጮኽም።

መስታወት ፊት ሆነህ አገጭህን እየው። ጠፍጣፋ ከሆነ ጥሩ ነው። እንደ ሎሚ ልጣጭ ከተጨማደደ ግን የታችኛው ከንፈርህን ወደ ላይ እየገፋው ነው ማለት ነው። ጉንጭህም አይነፋ። አሜሪካዊው የጃዝ ትራምፔት ተጫዋች ዲዚ ጊሌስፒ ጉንጩን እንደ ፊኛ ነፍቶ ይጫወት ነበር ትሉኛላችሁ፣ እውነት ነው፤ ግን እሱን አይቶ የጀመረ ልጅ ሁሉ ጥጉ ላልቶበት አይቻለሁ።

ማውዝፒሱ፣ ማለትም ከንፈር የሚያርፍበት የትራምፔቱ ጫፍ፣ ከግራና ከቀኝ መሃል ላይ ይሁን። ጥርስህ ትንሽ ጠመም ካለ ማውዝፒሱም ትንሽ ቢሸሽ ችግር የለውም። ከላይና ከታች ግማሽ በግማሽ አካባቢ ይበቃል። አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ እናገራለሁ፦ የማውዝፒሱ ጠርዝ በላይኛው ከንፈር ቀዩ ሥጋ ላይ አይረፍ። ከቀዩ በላይ፣ ቆዳው ላይ ይቀመጥ። ቀዩ ላይ ካረፈ ለጊዜው ይመችሃል፣ ከዓመት በኋላ ግን ወደ ላይ መውጣት ያቅትሃል።

10 ደቂቃ ሳይሞላ ከንፈሬ ይሞታል። ደካማ ስለሆነ ነው?

ብዙ ጊዜ አይደለም። ትራምፔቱን ፊትህ ላይ እየጫንከው ስለሆነ ነው።

እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ አንድ የበዓል ሰልፍ ላይ ከጠዋት እስከ ቀትር ነፋን። ሁለት ሰዓት ያህል እንደሄድን ከንፈሬ ጠፋብኝ። አቁሜ መውጣት አፈርኩ። ስለዚህ ትራምፔቱን ወደ ፊቴ እየጎተትኩ ቀጠልኩ፣ ድምፁም ወጣልኝ። ማታ ቤት ገብቼ ሳየው የላይኛው ከንፈሬ ከውስጥ በኩል በጥርሴ ቅርጽ ተቆርጧል፤ ሽሮ ሲነካው ያቃጥለኝ ነበር። ሁለት ሳምንት አልነፋሁም። ቁስሉ ዳነ። እጄ የለመደው መጎተት ግን አልዳነም፣ እሱን ለመተው ዓመት ፈጀብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከንፈር የሚንቀጠቀጠው ደም ሲዘዋወርበትና ሥጋው ነፃ ሲሆን ነው። ስትጫነው ደሙ ይሸሻል፣ ሥጋው በጥርስና በብረት መካከል ይታሰራል፣ ከዚያ ያብጣል፣ ያበጠ ከንፈር ደግሞ ድምፅ እንዲያወጣ የበለጠ መጫን ይፈልጋል፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ጉልበት ያነሰህ ይመስልሃል። የጎደለው ግን የጥጉ ጥንካሬና አየር ነው።

እንግዲህ ይሄን ሞክር። በቀኝ እጅህ ትንሿን ጣት ከመንጠልጠያው ቀለበት አውጣና ላዩ ላይ አስቀምጣት። አብዛኛው ጉተታ የሚመጣው ከዚያች ጣት ነው። በግራ እጅህ ትራምፔቱን እንደ ስኒ ያዘው፣ እንደ መዶሻ አይሁን። ቀጥሎ ትራምፔቱን ጠረጴዛ ላይ አስተኛው፣ በእጅህ ሳትነካው ጎንበስ ብለህ ማውዝፒሱን በከንፈርህ ብቻ ነክተህ አንድ ሶል ለማውጣት ሞክር። ስትገፋው ይንሸራተታል፤ ስለዚህ መግፋት አትችልም። መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ይወጣል። ከቀናት በኋላ ቀጭን ድምፅ ይመጣል። ያን ቀን ጥጎችህ ምን እንደሚሠሩ ይገባሃል።

ስትጨርስ ከንፈርህ ላይ የክብ ምልክት ይቀራል። በጥቂት ደቂቃ ከጠፋ ምንም አይደለም። ጠልቆ፣ ቀልቶ ረጅም ጊዜ ከቆየ ግን ተጭነሃል።

ሌላው የነፋኸውን ያህል ማረፍ ነው። አንድ ደቂቃ ከነፋህ አንድ ደቂቃ አውርደው። ልጆች ይሄን እንደ ስንፍና ያዩታል። አይደለም፣ ጡንቻ የሚጠነክረው ሲያርፍ ነው።

ላይኛው ድምፅ አልወጣ አለኝ። ከንፈሬን ስለጥጠው ይወጣል?

አትለጥጠው። ፈገግ ስትል ከንፈር ይሳሳል፣ ድምፁም ይሳሳል፣ ከዚያም አልፎ ቶሎ ትቆስላለህ። ጥጎቹ ወደ ጆሮህ ሳይሆን ወደ መሃል ነው የሚሰበሰቡት።

ወደ ላይ የሚወስድህ ፍጥነት ያለው አየር ነው። አየሩን ደግሞ ምላስ ያፈጥነዋል። "ታ" በል፣ ቀጥለህ "ቲ" በል። "ቲ" ላይ ምላስህ ወደ ላንቃህ ተጠጋ፣ አይደል? ውሃ ቧንቧ ላይ በአውራ ጣት እንደመድፈን ነው፤ ውሃው ያው ነው፣ ቀዳዳው ስለጠበበ ግን ሩቅ ይፈናጠራል። ታችኛው ዶ ላይ "ታ"፣ ሶል ላይ ትንሽ ጠበብ፣ የላይኛው ዶ ላይ ወደ "ቲ" እያልክ ውጣ።

እና በየሳምንቱ ግማሽ ድምፅ ብቻ ጨምር። ዛሬ ሶል ላይ የደረሰ ልጅ ነገ የመጨረሻውን ዶ ሲሞክር የሚያወጣው በጉልበት ነው፣ ጉልበቱም ልማድ ሆኖ ይቀራል።

በቀን ስንት ሰዓት? ምን ምን?

ለጀማሪ 20 ደቂቃ ጠዋት፣ 20 ደቂቃ ማታ ከአንድ ሰዓት ተከታታይ ይሻላል። አንድ ቀን ሦስት ሰዓት ነፍቶ ሦስት ቀን መቅረት ከንፈር አይሠራም።

እኔ የማደርገው ይሄን ነው። መጀመሪያ ከንፈሬን እንደ በቅሎ አንፏርራለሁ፣ ግማሽ ደቂቃ። ከዚያ በማውዝፒሱ ብቻ ሁለት ሦስት ደቂቃ፣ ከታች ወደ ላይ እንደ ሳይረን እየሳብኩ። ቀጥሎ ሎንግ ቶን፦ አንድ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ ጀምሮ፣ አየር እስኪያልቅ ሳይንቀጠቀጥ መያዝ። አሰልቺ ነው። ከሁሉም በላይ ከንፈር የሚሠራው ግን እሱ ነው፤ ድምፁ መጨረሻ ላይ ሲንገዳገድ ጥጉ መላላቱን በጆሮህ ትሰማዋለህ።

ከዚያ ሊፕ ስለር። ጣት ሳይንቀሳቀስ፣ ምላስም ሳይመታ ከድምፅ ወደ ድምፅ በከንፈርና በአየር ብቻ መሻገር ነው። ፒስተን ሳትነካ ዶ፣ ሶል፣ ዶ። ቀጥሎ ያንኑ በ2ኛው ፒስተን፣ በ1፣ በ1ና 2፣ በ2ና 3፣ በ1ና 3፣ በሦስቱም። ሰባት ነው፣ እያንዳንዱ ግማሽ ድምፅ ይወርዳል። በየመሃሉ አውርደህ እረፍ። መጨረሻ ላይ ዝቅ ያሉ ድምፆችን በለስላሳው ንፋና ዝጋ፤ ያበጠው ከንፈር ይረጋጋል፣ ለነገ ይመቻል።

መልመጃው ሁሉ የፈረንጅ ነው። በራሳችን ቅኝት ከንፈር መሥራት ይቻላል?

ይቻላል! እንዲያውም ወሎ ተቀምጠን በቅኝት አለመለማመድ ያሳፍራል። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ፣ አምባሰል ከደሴ ወደ ሰሜን፤ ቅኝቶቹ በአገራችን ስም ነው የሚጠሩት።

በትዝታ ጀምር፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ጣቱ ባዶ፣ 1ና 3፣ 1ና 2፣ ባዶ፣ 1ና 2 ነው። ዝግ ብለህ፣ እያንዳንዱን ድምፅ አራት ምት እየያዝክ፣ ምላስ ሳትመታ አያይዘው። ከሚ ወደ ሶል ያለችው ዝላይ ትንሽ ናት፣ ግን ከንፈር እዚያ ላይ ነው የሚሰነካከለው። ሶል ብቅ ሲል "ፍ" የሚል ትንፋሽ ከቀደመው ጥጉ ዘግይቷል።

ባቲ ላይ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው። እዚህ ዝላዮቹ ሰፋ ይላሉ፣ ከዶ ወደ ሚ፣ ከሶል ወደ ሲ። ከላይ በኩል ደግሞ የግማሽ ድምፅ እርምጃ አለች፣ ከሲ ወደ ዶ፤ እሷን ማጠጋጋት ጆሮም ከንፈርም ያሠራል።

አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። አንቺ ሆዬ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። አንቺ ሆዬን መጨረሻ ላይ ያደረግኩት አውቄ ነው። ከፋ ወደ ሶል ፍላት ሲጠጋ፣ ከዚያ ወደ ላ ሲዘል ከንፈር የሚደገፍበት ምቹ ቦታ የለም። ድምፁን አስቀድመህ በውስጥህ ካልሰማኸው አይወጣም። ስለዚህ መጀመሪያ ዝፈነው፣ ቀጥሎ በማውዝፒስ ብቻ አውጣው፣ ከዚያ በትራምፔት። ይሄን ሦስቱን ሳይዘል የሚያደርግ ልጅ በሁለት ወር ውስጥ ድምፁ ሲለወጥ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ትራምፔቱ የባንዱ ነው፣ ቤት አልወስደውም። ምን ልሥራ?

ማውዝፒስ ካለህ ብዙ አለህ። የራስህን ግዛ፣ ኪስህ ውስጥ ይገባል። በቀን አምስት ደቂቃ በሱ ብቻ ትዝታን አውጣ።

እሱም ከሌለ እስክሪብቶ። ጫፉን በከንፈርህ ብቻ ያዘው፣ ጥርስ አይንካው፣ ወደ ፊት ቀጥ ብሎ ይቁም። መጀመሪያ 20 ሰከንድ፣ እያደር ወደ አንድ ደቂቃ። ጥጎችህ ሲቃጠሉ ይሰማሃል። ያኔ አቁም።

ለአየሩ ደግሞ ቁራጭ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፍና ጣትህን ስትለቅ በትንፋሽህ ብቻ እንዳይወድቅ ያዘው። ትከሻህ እንዳይነሳ፣ ሆድህ ነው የሚሠራው።

ደሴ ጠዋት ላይ ከንፈሬም ትራምፔቱም ይደነዝዛል። ኮምቦልቻ ስወርድ ደግሞ ድምፁ ይለወጣል። ለምን?

ሁለቱም እውነት ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ከ1,800 ትንሽ ከፍ ትላለች። መንገዱ አጭር ነው፣ ሙቀቱ ግን ሌላ አገር ነው።

ትራምፔቱ ውስጥ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ድምፁ ይወርዳል፣ ሲሞቅ ይወጣል። ከፍታው አይደለም ድምፁን የሚለውጠው፣ ሙቀቱ ነው። ደሴ ላይ በጦሳ ተራራ በኩል ያ ብርድ ሲወርድ የወረደውን ድምፅ ብዙ ልጅ በከንፈሩ ቆንጥጦ ወደ ላይ ሊያወጣው ይታገላል። ከንፈርህን አትቅጣው። ትራምፔቱን ጃኬትህ ውስጥ አቅፈህ፣ ድምፅ ሳታወጣ ሞቅ ያለ ትንፋሽ በውስጡ ላክበት። ማውዝፒሱን መዳፍህ ውስጥ ጨብጠህ አሙቀው። ኮምቦልቻ ስትወርድ ደግሞ ማስተካከያ ስላይዱን፣ ያን የሚሳበውን ቧንቧ፣ ትንሽ ወደ ውጭ ሳበው።

ከቆላ መጥተህ ደሴ ላይ ቶሎ ትንፋሽ ካጠረህ አትደንግጥ፣ አየሩ ሳሳ ይላል። ሐረጉን አጠር አድርገህ ቶሎ ቶሎ ተንፍስ፣ በቀናት ይለመዳል።

ከንፈሬ ላይ ምች ወጣ። ልንፋ?

አትንፋ። ጸሐይ ነው፣ ሽታ ነው፣ ቢባልም ያ ውሃ የቋጠረው ቁስል በቫይረስ የሚመጣ ነው፣ ከሰው ወደ ሰውም ይተላለፋል። ዳማከሴውን እናትህ ታድርግልህ፣ እኔ የምለው ማውዝፒስህን ለማንም አትስጥ፣ የማንንም አትቀበል ነው። ቁስሉ ደርቆ ቅርፊቱ ራሱ እስኪወድቅ ጠብቅ። ላዩ ላይ ከጫንክበት ይሰነጠቃል፣ ጊዜውም ይረዝማል።

ባንድ ውስጥ አንድ ማውዝፒስ ሦስት ሰው ሲዘዋወርበት አያለሁ። በሱሪ ጠረግ አድርጎ ማቀበል ማጽዳት አይደለም። ለብ ባለ ውሃና ሳሙና፣ በትንሽ ብሩሽ እስከ ውስጡ ይታጠብ።

ከንፈሬ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ቫዝሊን ልቀባ?

ማታ ስትተኛ፣ አዎ። ከመንፋትህ በፊት ግን ጥረገው፣ ማውዝፒሱ ይንሸራተትና እሱን ለመያዝ ትጫናለህ። እህቶቼ፣ ሊፕስቲክም እንደዚያው ነው። ውሃ ጠጡ። በርበሬ የበዛበት ወጥና ቃሪያ በልታችሁ ወዲያው አትንፉ፣ የተቃጠለ ከንፈር ያብጣል።

አሮጌ ማውዝፒስ ላይ ነጩ ልባጥ ተልጦ ቢጫው ነሐስ ከታየ እሱም ቆዳ ያሳክካል። ቀይሩት።

ጫት ቅሜ ብነፋ ችግር አለው? ጾም ላይስ?

ጫቱን እንደ ወንድም ነው የምነግርህ፣ ከመንፋትህ በፊት ይቅርብህ። አፍህን ያደርቃል፣ ቅጠሉ ተይዞ የሚቆይበት ጉንጭ ይወጠራል። ከሁሉም የሚከፋው ግን ምርቃና ላይ ሆነህ ከንፈርህ መድከሙ አይታወቅህም። ሁለት ሰዓት ትነፋለህ፣ ማግሥቱን ባዶ ነህ።

ረመዳን ላይ ለሚጾሙ ልጆቼ ከኢፍጣር አንድ ሰዓት በኋላ እላቸዋለሁ፣ ውሃ ከጠጡ በኋላ። ቀን ላይ የቅኝት ዝፈንና የጣት ሥራ ብቻ። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩትም እንዲሁ። በደረቀ ከንፈር ሎንግ ቶን አይለመድም።

ማውዝፒስ ብቀይር ይሻለኛል?

አብዛኛውን ጊዜ አይሻልህም። ለጀማሪ በባክ ቁጥር 7ሲ ወይም ከሱ የሚቀራረብ ይበቃል። ቁጥሩ ሲያንስ ክቡ ይሰፋል፣ ፊደሉ ደግሞ ጥልቀቱን ነው የሚናገረው። ሌላ ፋብሪካ የራሱ አቆጣጠር አለው፣ ስለዚህ በቁጥር ብቻ አትግዛ። ጥልቀት የሌለው ማውዝፒስ ላይኛውን ድምፅ ያቀልልሃል ይሉሃል፤ ጥጉ ላልጠነከረ ልጅ ግን የሚያተርፍለት ቀጭን ድምፅ ነው።

ጥርስህ ላይ ብሬስ ካስገባህ መጀመሪያ ያማል። መጫን ስለማትችል ብዙዎች በግድ በትክክለኛው መንገድ ይማራሉ። ሐኪሙን ሽቦው ላይ የሚደረገውን ሰም ጠይቀው።

መቼ ነው ነገሩ ከድካም ያለፈው?

ድካም በአንድ ቀን እረፍት ይሄዳል። ከንፈርህ ለቀናት ከደነዘዘ፣ አንድ ነጥብ ላይ የሚወጋ ሕመም ካለ፣ ጎድጎድ ያለ ቦታ በጣትህ ከተሰማህ ወይም በፊት የምታወጣውን ድምፅ ከንፈርህ መዝጋት አቅቶት አየር ካመለጠህ አቁምና ሐኪም ዘንድ ሂድ። በአፍ ዙሪያ ያለው ክብ ጡንቻ ሊቀደድ ይችላል። አሜሪካዊው የጃዝ ትራምፔት ተጫዋች ሉዊ አርምስትሮንግ በከንፈሩ ብዙ ተሠቃይቷል፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለወራት መንፋት አቁሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 አንድ ሐኪም ይሄን የጡንቻ መቀደድ በሕክምና መጽሔት ሲጽፍ በአርምስትሮንግ ቅጽል ስም ነው የጠራው፣ ሳችሞ ሲንድረም ብሎ። ዓለም ያወቀው ሰው ከደረሰበት እኛም ላይ ይደርሳል።

ጎረቤት ይቆጣል። የት ልለማመድ?

ሚውት (ትራምፔቱ አፍ ላይ የሚሰካ ድምፅ ማፈኛ) ይረዳል፣ ግን አየሩን ወደ ኋላ ስለሚገፋው ሁልጊዜ በሱ ብቻ አትለማመድ፣ ከንፈርህ ተቃውሞ ይለምዳል። ቤት ውስጥ ከሆንክ የተሰቀለ ጋቢና ብርድ ልብስ ፊት ለፊት ንፋ። ካልሆነ ከሰፈር ወጣ በል።

እና ንገራቸው። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አንዲት ረጅም ሶል ስይዝ ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ከግቢ ወጥተው "ማን አረፈ ልጄ?" አሉኝ። የእድር ጥሩንባ መስሏቸው ነው። በጣም አፈርኩ፣ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ከዚያ ወዲህ ልምምዴን ከ2 ሰዓት በኋላ አደረግኩ፣ ሁልጊዜም በትዝታ ነው የምጀምረው፤ አሁን በሩን ገርበብ አድርገው ቡና እየቆሉ ያዳምጡኛል።